ቀርቀሃን በሄክታር ብቻ መቁጠር ይብቃ

ስለ ኢትዮጵያ ቀርቀሃ የሚደረግ ንግግር ሁሉ በአንድ ቁጥር ይጀምራል፤ አንድ ሚሊዮን ሄክታር። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ከተሠራ ጥናት የመጣ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ በሳተላይት ምስል የተደረገ ግምት ወደ 1.47 ሚሊዮን አሳድጎታል። ባለሥልጣኑም፣ ባለሀብቱም፣ ለጋሹም ቁጥሩን ይዞ መድረክ ላይ ይወጣል፤ ይጨበጨብለታል፤ ይወርዳል። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ሄክታር ስለ ግንዱ ምንም አይናገርም። በአዲስ አበባ ዙሪያ መንገድ ዳር የቀርቀሃ ወንበርና መደርደሪያ የሚሠራ ባለሙያ የሚፈልገው ዕድሜው የደረሰ፣ ሲደርቅ የማይሰነጠቅ፣ ነቀዝ የማያደቅቀው ግንድ ነው። ይህን ደግሞ ከሳተላይት ማየት አይቻልም።

የዝግጅት ክፍላችን በዚህ ጉዳይ ላይ ብያኔውን አስቀድሞ ይናገራል። ሀገሪቱ የቀርቀሃዋን ውስጥ የምታጠናበት ጊዜ ደርሷል፤ እንዲያውም ዘግይቷል። ጥናቱ መጀመር ያለበት የግንዱን ሕብረ ሕዋስ አሠራር ከሚቆጣጠሩት ጥቃቅን አርኤንኤዎች ነው። ለደጋው ቀርቀሃ የሚመቸው ቦታም የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ቀለበት ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መሠራት ያለበት አንድ ርካሽና አሰልቺ ሥራ አለ፤ የዕድሜና የትውልድ መዝገብ። መዝገቡ ሳይኖር ቤተ ሙከራ ይገዛ የሚል ካለ እንቃወመዋለን።

ሦስቱን ከተሞች ያነሳናቸው በዘፈቀደ አይደለም። ከአዊ፣ ከእንጅባራና ከባንጃ ወገን የሚነሳ የደጋ ቀርቀሃ በጎጃም መንገድ ሲመጣ ሱሉልታን ሳያቋርጥ እንጦጦን አይወርድም። ከምዕራብ ሸዋ ከጥቁር እንጭኒ፣ ከዚያም አልፎ ከአሶሳ በነቀምትና በአምቦ በኩል የሚመጣው በቡራዩ ያልፋል። ከሸካ፣ ከማሻ አካባቢ በጅማ መንገድ የሚጫነው በሰበታ ይገባል። የሲዳማው ብቻ በሌላው በር፣ በዱከምና በገላን በኩል ይመጣል። ሦስቱም ከተሞች ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። እንግዲህ አንድ የከተማ አስተዳደር የሀገሪቱን ሦስት የቀርቀሃ በሮች ይዟል ማለት ነው። በበሩ የሚጠየቀው ግን የጭነቱ መጠንና የፈቃዱ ወረቀት ነው። ግንዱ ስንት ክረምት እንዳየ፣ ከየትኛው ቁጥቋጦ እንደተቆረጠ የሚጠይቅ የለም።

ስለ ጥቃቅን አርኤንኤ ሰምቶ ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ከመሠረቱ እንያዘው። በሕዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ የያዘውን ትእዛዝ የሚያስተላልፈው በአርኤንኤ መልእክት ነው፤ መልእክቱ ይነበባል፣ ፕሮቲን ይሠራል። ለረጅም ጊዜ ትልልቁን አርኤንኤ ብቻ ያየ ሁሉ ትናንሾቹን እንደ ብጥስጣሽ ቆጥሯቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የቪክተር አምብሮስና የጌሪ ረቭከን ቤተ ሙከራዎች በአንዲት ደቂቅ ትል ውስጥ 22 ፊደል ብቻ ያለው አርኤንኤ የሌላን ዘረመል መልእክት ዝም እንደሚያሰኝ አሳዩ። ግኝቱ ለዓመታት የትሏ ጠባይ ብቻ ተደርጎ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝ አንድሩ ሃሚልተንና ዴቪድ ባውልኮም ተመሳሳይ ነገር በዕፅዋት ውስጥ አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ አራቢዶፕሲስ በምትባለው የሙከራ ተክል ውስጥ ማይክሮ አርኤንኤ የሚባሉት ጥቃቅን አርኤንኤዎች ተለይተው ታወቁ። አምብሮስና ረቭከን የኖቤል ሽልማቱን ያገኙት ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ2024 ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ረዘም ያለ አርኤንኤ በራሱ ላይ ይታጠፋል፤ ዳይሰር መሰል የሚባል ፕሮቲን ይቆርጠውና 21 ፊደል ገደማ ያለው ቁራጭ ይወጣል። አርጎኖት የተባለ ሌላ ፕሮቲን ቁራጩን ይይዛል፤ በሕዋሱ ውስጥ እየዞረ ከቁራጩ ፊደላት ጋር የሚገጥም መልእክት ይፈልጋል፤ ሲያገኝ ይቆርጠዋል ወይም እንዳይነበብ ያግደዋል። የጋዜጣ ሰዎች ይህን ሥራ እናውቀዋለን፤ ከሪፖርተር የመጣ ጽሑፍ ሁሉ ገጽ ላይ አይወጣም፣ አርታኢው ያለ ርኅራኄ የሚቆርጠው አለ። ገጹ መልክ የሚይዘው በተጻፈው ብቻ ሳይሆን በተሰረዘውም ነው። ሕብረ ሕዋስም የሚበጀው እንደዚሁ ነው።

ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ከሥር ውስጥ አለ። ማይክሮ አርኤንኤ 165 እና 166 የሚባሉት በሥሩ መካከል ያለውን የውኃ ቧንቧ ከከበበው የሕዋስ ሽፋን ውስጥ ይሠራሉ፤ ከዚያ ወደ መሐል ይንሸራሸራሉ። በዳር ብዙ ናቸው፣ ወደ መሐል እየሳሱ ይሄዳሉ። በበዙበት ቦታ አንድ ዓይነት ቧንቧ፣ በሳሱበት ሌላ ዓይነት ቧንቧ ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአራቢዶፕሲስ የታየው ይህ ነው፦ አንድ ቁራጭ መኖሩ ወይም አለመኖሩ ብቻ ሳይሆን መጠኑም ራሱ ትእዛዝ ነው። ከአንድ ዓይነት ዲኤንኤ ልዩ ልዩ ሕብረ ሕዋስ እንዴት እንደሚወጣ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የሚሻል መልስ አናውቅም።

አሁን ወደ ቀርቀሃው። የሱሉልታ ገበሬ ባሕር ዛፉ በየዓመቱ ሲወፍር ያያል፤ ከቅርፊቱ ሥር ግንዱን የሚያወፍር የሕዋስ ሽፋን ስላለ ነው። ቀርቀሃ ይህ ሽፋን የለውም። ሣር ነው። ውፍረቱ የሚወሰነው ቡቃያው ገና መሬት ውስጥ ሳለ ነው፤ ከመሬት ሲወጣ የሚኖሩት አንጓዎች በውስጡ ተደራጅተው፣ የዕድሜ ልክ ወርዱን ይዞ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መርዘም ነው፤ በእያንዳንዱ አንጓ አጠገብ ያለው ለጋ ሕብረ ሕዋስ ይከፋፈላል፣ ይለጠጣል፣ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ግንዱ ሙሉ ቁመቱን ያገኛል። የቻይናው ሞሶ ቀርቀሃ በአንድ ቀን አንድ ሜትር ያህል የሚያድግበት ጊዜ አለ። ቁመት ካለቀ በኋላ ሦስት አራት ዓመት የሚወስደው መጠንከር ነው፤ ሊግኒን የሚባለው አጠንካሪ ንጥረ ነገር በሕዋሶቹ ግድግዳ ላይ ይደራረባል። ወንበር ሠሪው «ደርሷል» የሚለው ያኔ ነው። የግንዱ ዕጣ ፈንታ አብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስለሚወሰን፣ በእነዚያ ሳምንታት የትኛው መልእክት ተነቦ የትኛው እንደተሰረዘ ማወቅ ለቀርቀሃ ከማንኛውም ዛፍ ይልቅ ዋጋ አለው።

በዚህ ላይ ኢትዮጵያ በእጇ የያዘችው የተፈጥሮ ሙከራ ብዙ አገር የለውም። ሁለት አገር በቀል ዝርያዎች አሉን። የደጋው ቀርቀሃ በሳይንሳዊ ስሙ ኦልዴኒያ አልፒና ይባላል፤ ድሮ አሩንዲናሪያ፣ ኋላ ዩሻኒያ ሲባል ነበር። ከ2,200 ሜትር በላይ ይበቅላል፣ እስከ ሃያ ሜትር ይረዝማል፣ ውስጡ ክፍት ነው። የቆላው ሽመል፣ ኦክሲቴናንቴራ አቢሲኒካ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በሌሎች ቆላማ አካባቢዎች ይበቅላል፤ ያጥራል፣ ይቀጥናል፣ ግን ድፍን ነው ወይም ለድፍን የቀረበ። በስፋት ሲታይ የሀገሪቱ ቀርቀሃ አብዛኛው ሽመል ነው። አንዱ ክፍት፣ ሌላው ድፍን የሆነበት ምክንያት ለሥነ ሕይወት ተማሪ ብቻ የሚተው ጥያቄ አይደለም። የማንኛውም ቀርቀሃ ቡቃያ መጀመሪያ ላይ ውስጡ በለስላሳ ሕዋስ የተሞላ ነው። ክፍት በሚሆነው ዝርያ ውስጥ ግንዱ ሲለጠጥ የመሐሉ ሕዋሳት በሥርዓት ይሞታሉ፣ ቦታው ባዶ ይሆናል፤ በሞሶ ላይ የተደረገ ምርመራ ይህ ሞት ድንገተኛ ሳይሆን የታዘዘ መሆኑን አሳይቷል። በሽመል ውስጥ መሐሉ ይተርፋል። የሁለቱን ቡቃያ በአንድ ዓይነት ደረጃ ቆርጦ ጥቃቅን አርኤንኤዎቻቸውን ጎን ለጎን ማንበብ አንድ የኢትዮጵያ ተመራማሪ ለዓለም ሊያበረክት የሚችለው ሥራ ነው። ሞሶን ሺህ ጊዜ ያነበበ ሰው ይህን ንጽጽር ከሞሶ ብቻ አያገኘውም።

ጠቀሜታውም ሩቅ አይደለም። የቀርቀሃ ግንድ በአማካይ ግማሹ ለስላሳ ሕዋስ፣ አርባ ከመቶው ጭረት፣ አሥር ከመቶው ቧንቧ ነው። ስታርች የሚከማቸው በለስላሳው ነው፤ ነቀዝ የሚፈልገውም ያንኑ ነው። ጥንካሬ ያለው በጭረቱ ነው፤ ጭረቱም ወደ ውጭ ዳር ይጠጋል። እንግዲህ የለስላሳውና የጭረቱን ድርሻ የሚወስን ሁሉ ወንበሩ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ይወስናል። ማይክሮ አርኤንኤ 397 የሚባለው ላኬዝ የተባሉትን ሊግኒን አሳሪ ፕሮቲኖች መልእክት ይቆርጣል። በፖፕላር ዛፍ ላይ ሲበዛ ሊግኒን እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2013 ታይቷል፤ በሞሶም ይኸው ጥንድ ተለይቷል። ሊግኒን መቀነሱ ለወረቀትና ለጨርቅ ፋብሪካ ደስታ ነው፤ ለቤት ሠሪ ጉዳት ነው። ሁለቱን ፍላጎት ለይቶ ዘር የሚመርጥ ሀገር ለእያንዳንዱ ግንድ የሚስማማ ገበያ ያገኛል። ሳይለይ የሚተክል ግን ለወንበር የሚሆነውን ለፋብሪካ፣ ለፋብሪካ የሚሆነውን ለወንበር ይሸጣል።

ከዚህም የከፋ ነገር አለ፤ አበባ። ቀርቀሃ አሥርተ ዓመታት ሳያብብ ይቆይና በአንድ ጊዜ በጅምላ ያብባል፣ ዘሩን ያራግፋል፣ ይሞታል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ሽመል እንዲህ በጅምላ አብቦ የደረቀበት ዘመን አለ፤ ቡቃያውን የሚበላ፣ ግንዱን የሚሸጥ፣ ቤቱን በእሱ የሚያጥር ሰው ምን እንደሚደርስበት መገመት አይከብድም። የዕፅዋትን የዕድሜ ሰዓት ከሚቆጥሩት መካከል ሁለት ማይክሮ አርኤንኤዎች አሉ። 156 በልጅነት ይበዛል፣ ከዕድሜ ጋር ይቀንሳል፤ 172 በተቃራኒው እየጨመረ ይሄዳል፣ ለአበባ መንገድ ይጠርጋል። በበቆሎ ላይ 156 ከልክ በላይ የበዛበት ተክል ዕድሜ ልኩን ልጅ መስሎ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል። ያንኑ የበቆሎ ዘረመል ስዊችግራስ ወደሚባል ሣር ያስገቡ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ሣሩ ማበብ እንዳቆመ ዘግበዋል። በቀርቀሃም ሰዓቱ እንዲሁ ይቆጥር እንደሆነ መመርመር ያለበት በሀገሩ ቀርቀሃ ላይ ነው።

የደጋውን ቀርቀሃ አብዛኛውን ጊዜ የምናባዛው ዘር ስለማናገኝለት ከሥሩ ከፍለን፣ ጉማጁን ነቅለን በመትከል ነው። እንዲህ የተከፈለ ተክል አዲስ ሕፃን አይደለም፤ የእናቱን ዕድሜ ይዞ ይሄዳል፤ ከአንድ እናት የተከፈሉ ቁጥቋጦዎች በተለያየ ቦታ ተተክለውም በአንድ ወቅት እንደሚያብቡ በዓለም ላይ በተደጋጋሚ ታይቷል። እንግዲህ ሱሉልታ ተራራ ላይ የተተከለው ቀርቀሃ ሁሉ ከአንድ ቦታ የመጣ ከሆነ፣ ሁሉም በአንድ ዓመት አብቦ ሊሞት ይችላል። በአረንጓዴ አሻራ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከሚተከሉት መካከል ቀርቀሃም አለ። የተተከለው ችግኝ ቁጥር በየክረምቱ ይነገራል፤ የእናቱ ቁጥቋጦ ዕድሜና መንደር ግን አብሮ አይነገርም። የዝግጅት ክፍላችን በዚህ ላይ ጠንካራ ቃል ይጠቀማል፤ ያለ ትውልድ መዝገብ ቀርቀሃ በጅምላ መትከል ለልጆቻችን ቀን የማይታወቅ ሞት መትከል ነው።

ጥቃቅን አርኤንኤ የሚለው ነገር ከእርሻችን የራቀ የሚመስለው ሰው አጃና ስንዴን ያወዳድር። አጃ የሚባለው ጥንታዊው ስንዴ ሲወቃ ገለባው ከፍሬው አይለቅም፤ የዳቦና የማካሮኒ ስንዴ ግን በቀላሉ ይለቃል። ልዩነቱን ከሚያመጡት ዋነኛው ኪው የሚባል ዘረመል ነው፤ በእርሱ ውስጥ ማይክሮ አርኤንኤ 172 የሚይዝበት ቦታ ላይ አንድ ፊደል ስለተለወጠ አርኤንኤው መልእክቱን እንደ ቀድሞው አይቆርጠውም። የጥንት ገበሬዎች አውድማ ላይ ሲመርጡ ሳያውቁት የመረጡት ይህን ፊደል ነው። በሩዝም እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው እንዲሁ ነው፤ 156 የሚቆርጥበት ቦታ የተለወጠበት ሩዝ ቅርንጫፉ ይቀንሳል፣ ግንዱ ይጠነክራል፣ ፍሬው ይበዛል። ጤፍ በመጋሸብ የሚጠፋበት ሀገር ይህን ዜና ሰምቶ ዝም ሊል አይገባውም ነበር፤ ግን የዛሬው ጉዳያችን ቀርቀሃ ነውና እናልፈዋለን።

«ማዳበሪያ በሰዓቱ ማድረስ ያልቻለ ሀገር 21 ፊደል ያለው ነገር ለምን ያነባል?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ እናውቃለን። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ሀብት በሌለበት ቅድሚያ መስጠት ግዴታ ነው። መልሳችን ሦስቱ ከተሞች አጠገብ ያለውን ማየት ነው። ከቡራዩ በአምቦ መንገድ ሲወጡ ሆለታ ላይ የብሔራዊ ግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል አለ። ሰበታ ውስጥ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት አለ፤ የአፍተግርና የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ አምጪ ቫይረሶች ዘራቸው አርኤንኤ ስለሆነ፣ የበሽታ ምርመራ ላብራቶሪ አርኤንኤ መለየት የዕለት ሥራው ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ከተገኘ በኋላ ሀገሪቱ በየክልሉ የአርኤንኤ መመርመሪያ ማሽኖች አስገባች፣ ብዙ ወጣት ቴክኒሻኖችም ሠለጠኑ። አንድን ማይክሮ አርኤንኤ ለመለካት የሚያስፈልገው ማሽን ያው ነው፤ የሚለየው መነሻ ኬሚካሉ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማንበብ የሚያስፈልገው የቅደም ተከተል ማሽን ውድ ነው፤ ለእሱ የባዮና ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አንድ ማሽን በጋራ ሊጠቀሙ ይገባል እንጂ ለእያንዳንዱ ሕንፃ አንድ ማሽን መግዛት የበጀት ኃጢአት ነው።

የቦታው ነገር ደግሞ ወሳኝ ነው። አርኤንኤ ቶሎ ይበላሻል። ግንዱ ተቆርጦ በጭነት መኪና ሦስት ቀን ተጉዞ ከመጣ በኋላ ስለ ቡቃያው ዕድገት የሚነግረን ነገር አይታመንም። ቡቃያው በተቆረጠ በደቂቃዎች ውስጥ በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ መቀዝቀዝ አለበት። ስለዚህ ቤተ ሙከራና ሕያው ቁጥቋጦ መጎራበት አለባቸው። የሱሉልታና የቡራዩ ከፍታ ለደጋው ቀርቀሃ ይስማማዋል፤ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በሁለቱ ከተሞች ጥግ ነው፤ ከሰበታ በላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ቀዝቃዛው ናይትሮጅንም ለአካባቢው እንግዳ አይደለም፤ የወተት ላም በሚረባበት በሱሉልታ ሜዳ የሰው ሠራሽ ማዳቀል ቴክኒሻኑ ተሸክሞት የሚዞረው ጋን በውስጡ የያዘው ይህንኑ ነው። ለላም የመጣ ብርድ ለቀርቀሃም ይሆናል።

ሽመል ግን በዚህ ቀለበት ውስጥ አይጠናም። ቆላ ይፈልጋል። የአሶሳና የፓዌ የግብርና ምርምር ማዕከላት ያለ እነርሱ ፈቃድና ተሳትፎ ናሙና የሚወሰድባቸው የሩቅ ማሳ ሳይሆኑ የጥናቱ ባለቤቶች ሊሆኑ ይገባል። በዋና ከተማው ዙሪያ ያለ ተቋም ሁሉ «ናሙና ላኩልን» ማለት ይወዳል፤ የላከው ሰው ስም በጽሑፉ ላይ ሲጠፋ ግን አይታየውም። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቡቃያውን ለምግብ የሚቆርጡት እናቶች የትኛው ለጋ፣ የትኛው እንደጠነከረ ያውቃሉ፤ የናሙና አወሳሰድ ሥልጠናው ከእነርሱ ቢጀምር ሳይንሱ ይጠቀማል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልግበት ሌላ ቦታም አለ። የሞሶ ቀርቀሃ ጠቅላላ ዘረመል በረቂቅ ደረጃ የተነበበው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ሁለት ቢሊዮን ያህል ፊደል አለው። ከዚያ ወዲህ የቻይና ተመራማሪዎች ስለ ጥቃቅን አርኤንኤዎቹ ብዙ ጽፈዋል። ያንን እንዳለ ወደ እኛ መገልበጥ ስህተት ይሆናል። የደጋው ቀርቀሃችን ከሞሶ ጋር በአንድ የቀዝቃዛ አየር ቀርቀሃዎች ወገን ስለሆነ ትምህርቱ ይቀርበዋል፤ ሽመል ግን የሌላ ወገን፣ የሞቃት አየር ቀርቀሃ ነው፣ የክሮሞዞም ብዛቱም የተለየ ነው። ሁለቱን በአንድ ሪፖርት «የኢትዮጵያ ቀርቀሃ» ብሎ ማጠቃለል በሄክታር ሠንጠረዥ ላይ ይቻላል፣ በሕዋስ ደረጃ አይቻልም። ዓለም አቀፉ የቀርቀሃና ራታን ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤቱ ቤጂንግ ሲሆን የምሥራቅ አፍሪካ ቢሮው አዲስ አበባ ነው፤ ኢትዮጵያም ለረጅም ዓመታት አባል ናት። ከቻይና መማር የሚቻለው በዚህ በር ነው፤ ለመማር ግን የራሳችንን ጥያቄ ይዘን መሄድ አለብን።

የሕግ ጥያቄ ከተነሳም ለይተን እንናገር። ጥቃቅን አርኤንኤን ማንበብ ዝርያን መለወጥ አይደለም፤ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና ማሻሻያው 896/2007 የሚመለከቱት ዘረመሉ የተለወጠን ሕያው ነው። አንድ ቀን በቀርቀሃ ላይ ለውጥ ላድርግ የሚል ሲመጣ በአዋጁ መሠረት ይመርመር፤ ዛሬ ግን ማንበብን በፍርሃት ማገድ አይገባም። በሌላ በኩል ናሙናው ወይም የተነበበው መረጃ ከሀገር ሲወጣ አዋጅ ቁጥር 482/1998 በሚጠይቀው ፈቃድና የጥቅም መጋራት ስምምነት መሆን አለበት። የጤፍ የባለቤትነት ክርክር በሆላንድ ፍርድ ቤት እስኪሻር ድረስ ምን ያህል ዓመት እንደወሰደ ሁላችንም አይተናል። በቀርቀሃ ላይ ያንን ታሪክ የምንደግምበት ምክንያት የለም፤ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ከወዲሁ ውሉን ያርቅቅ።

ብያኔያችንን በተቋማት ስም እናስቀምጠው። የሸገር ከተማ አስተዳደር በሦስቱ መግቢያዎች በቀርቀሃ ጭነት ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ይጨምር፤ የተቆረጠበት ቀበሌና የግንዱ ዕድሜ። ዕድሜውን ገበሬው ያውቃል፤ የልባሱን መራገፍ፣ የቀለሙን መደብዘዝ፣ ሲንኳኳ የሚሰጠውን ድምፅ ይለያል። ችግኝ ጣቢያዎቹ ደግሞ ጉማጁ ከየት እንደመጣ ሳይመዘግቡ አንድም ቀርቀሃ አይትከሉ፤ ተከላቸውም ቢያንስ ከሦስት አራት የተለያዩ ቦታዎች የተውጣጣ ይሁን። የኢትዮጵያ ደን ልማት መሥሪያ ቤት በየክረምቱ የሚወጡትን ቡቃያዎች የዓመቱን ቀለም ቀብቶ ምልክት የማድረግ ሥራ ይጀምር፤ የአንድ ጣሳ ቀለምና የአንድ የቀን ሠራተኛ ሥራ ነው። ሆለታና ሰበታ ያሉት ማዕከላት በአንድ የጋራ ሰነድ የናሙና አወሳሰዱን ይስማሙ፤ አንዱ ዕፅዋት አውቃለሁ፣ ሌላው አርኤንኤ አውቃለሁ ብሎ ከተለያየ ሁለቱም ግማሽ ይሆናሉ። የጥናቱ የመጀመሪያ ጥያቄ ደግሞ አንድ ብቻ ይሁን፤ የደጋው መሐል ሲሞት የቆላው መሐል ለምን ተረፈ?

የበጀት ቢሮዎች ደግሞ አንድ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ያስቡበት። የደጋው ቀርቀሃ ቡቃያ የሚወጣው በክረምት ነው። የሀገሪቱ የበጀት ዓመት የሚዘጋው ሰኔ 30፣ የሚከፈተው ሐምሌ 1 ነው፤ አዲሱ ገንዘብ በግዢ ሥርዓት አልፎ መሥሪያ ቤት እጅ እስኪገባ መስከረም ይጠባል፣ ቡቃያው በዚያን ጊዜ ቁመቱን ጨርሷል። ስለዚህ ናይትሮጅኑ፣ ኬሚካሉና የመኪናው ነዳጅ ከሚዘጋው ዓመት በጀት ከሰኔ በፊት ይገዛ፤ ገንዘብ ሚኒስቴርም ለዚህ ሥራ ተመድቦ ሥራ ላይ ያልዋለው ቀሪ ሂሳብ ወደ አዲሱ ዓመት እንዲተላለፍ ይፍቀድ። ይህ ካልተደረገ የ2019 ዓ.ም. ቡቃያም እንዳለፈው ሁሉ ሳይነበብ ያልፋል።